ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው

ወንድ ልጅ ሃምሳን ሲሻገር ከሚይዙት ሕመሞች ስኳርንና ደም ብዛትን ሐኪም ያገኛቸዋል፤ ሦስተኛውን የምታገኘው ሚስት ናት። ምልክቱ ሌሊት ይጀምራል። ሰውየው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስልኩን እያየ ለብቻው ፈገግ ይላል። ሚስት መጀመሪያ ሌላ ሴት ትጠረጥራለች። ስልኩን ነጥቃ ስታየው ቀይ ፖርሽ ነው። እፎይ ትላለች፤ እፎይታዋም ዋጋውን እስክታነብ ድረስ ይቆያል።

ዋሽንግተንና ዙሪያዋ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚገባው። እስከዚያ ድረስ ማን ጊዜ ኖሮት! መጀመሪያ ታክሲ ይነዳል፤ ከዚያ ቤት ይገዛል፤ ልጆች ኮሌጅ ይገባሉ፤ አገር ቤት የእናት ጣሪያ ይታደሳል፤ የእህት ልጅ ይዳራል። ካምሪዋ ሁለት መቶ ሺህ ማይል ሄዳ ዛሬም ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች። ይህ ሁሉ አልፎ አንድ ቀን እቁብ ይደርሳል፤ ገንዘቡን የሚጠብቅ ችግር ዙሪያው ቢፈለግ ይጠፋል። አደጋው ይኼኔ ነው።

የዚህ ወግ ባለጉዳይ ወዳጄ የሚሠራው መሃል ዋሽንግተን፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው በእነዚህ ማቆሚያዎች ውስጥ አማርኛ መስማት ብርቅ እንዳልሆነ ያውቃል። ወዳጄ ከሃያ ዓመት በላይ የጠበቆችን ፖርሽ እየተቀበለ ምድር ቤት አውርዶ አቁሟል። የእሱን ያህል ብዛት ያለው ፖርሽ የነዳ ሰው በአገሩ ጥቂት ነው፤ አንዱንም ግን ከሁለተኛ ማርሽ አሳልፎት አያውቅም። “ሃያ ዓመት ሙሉ ቀመስኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አልዋጥኩም” አለኝ። ይህን ለሚል ሰው “ቅንጦት ነው” ብሎ መመለስ ጭካኔ ነውና ዝም አልኩ።

የተመኛት ፖርሽ 911 ናት። ያውም አዲሷን አይደለም፤ የአዲሷ ዋጋ ቤት ነው። ዓይኑን የጣለው ባለሙያዎቹ 996 የሚሏት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2005 ሞዴል ድረስ በተሠራችው ላይ ነው። የዚህች ትውልድ ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት 911ዎች ሁሉ ሞተራቸው በአየር ነበር የሚቀዘቅዘው፤ በውኃ የቀዘቀዘች የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች። የፖርሽ አጥባቂዎች ይህን እንደ ክሕደት ቆጠሩት። በዚያ ላይ የፊት መብራቷን ከርካሿ እህቷ ከቦክስተር ጋር ተጋርታ በመምጣቷ “የተጠበሰ እንቁላል” የሚል ስም አወጡላት። ከ2002 ሞዴል ጀምሮ መብራቱ ቢለወጥም ስሙ ግን ተከትሏት ቀረ። ስለዚህም ይኸው ዛሬ ከ911 ቤተሰብ ውስጥ በርካሽ ከሚገኙት አንዷ ናት፤ በአዲስ ካምሪ ዋጋ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ትገኛለች። ወዳጄ ዕድሜ ልኩን ካምሪ የነዳ ሰው ስለሆነ ሞተር በውኃ መቀዝቀዙ ኃጢአት መሆኑ አልገባውም። የመረጣት 2003 ሞዴል ስትሆን፣ ከ300 በላይ የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በሰዓት ከ170 ማይል በላይ የምትበር ናት።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ሹክ ልበል። ወዳጄ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ከ85 ማይል በላይ መንዳት እንደ ተራ የትራፊክ ጥፋት አይታይም፤ ወንጀል ነው፤ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። የፖሊስ ራዳር የሚጠቁመውን መሣሪያ መጠቀም እንኳ የተከለከለ ነው። እንግዲህ ወዳጄ የሚገዛው ግማሹን ብቻ በሕግ ሊጠቀምበት የሚችለውን መኪና ነው። ይህን ስነግረው “ዋናው መቻሉን ማወቅ ነው” አለኝ።

ባለቤቱ ፎቶውን አይታ የጠየቀችው ስለ ፍጥነት አልነበረም። “ሁለት በር ብቻ? እናቴ በየት በኩል ትገባለች?” አለችው። ከኋላ ሁለት ወንበሮች መኖራቸውን አሳያት። በእነዚያ ወንበሮች ላይ የሚመች ሰው እስካሁን አልተወለደም፤ ከተወለደም ገና ጡት አልጣለም። “ጡረታ ስንወጣ አገር ቤት ይዘናት እንገባለን” ብሎ ሊያባብላት ሞከረ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መከልከሉን እሷ ናት የነገረችው።

ሻጩ ሪችመንድ አካባቢ የሚኖር ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ይህን ስሰማ ልቤ ደነገጠ። አዲስ አበባ መኪና የገዛ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ደላላ ከሚያመጣው መኪና ውስጥ ተራ ሰው የያዘው የለም። ወይ የዶክተር ነው፣ ወይ የዲፕሎማት፣ ወይ ደግሞ “ሴት የያዘችው፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሄደ” ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተሸጠው የዶክተር መኪና ቢቆጠር ኖሮ በየቀበሌው ሆስፒታል ባልጠፋ። አሁን ግን እውነተኛ ዶክተር መጣ። ወዳጄ ለብቻው ሄዶ አይቷት ሲመለስ ስለ መኪናዋ የሚያወራው ጥቂት፣ ስለ ሰውየው የሚያወራው ብዙ ሆነ። ሰውየው ቡና አቅርቦለታል። የልጅ ልጆቹን ፎቶ አሳይቶታል። ስለ ሉሲ ጠይቆታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የደረሰኝ ማኅደር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶለታል።

ስለዚህ ማኅደር ትንሽ ልቆይበት። አሮጌ የስፖርት መኪና በሚሸጥበት ዓለም ደረሰኝ ማለት ምስክር ነው። ዘይት የተቀየረበት፣ ፍሬን የተሠራበት፣ ባትሪ የተገዛበት፣ በዓመት በዓመቱ በክላሰር ተሰድሮ ይቀመጣል። ወዳጄ ማኅደሩን ፎቶ አንስቶ አምጥቶልኝ ነበር። እኔም አገላብጬ አየሁት፤ እውነትም የሚያስቀና ነው። አንድ ነገር ግን ታዘብኩ፤ ደረሰኝ የሚናገረው የተደረገውን ነው። ያልተደረገ ነገር ደረሰኝ የለውም። ከ2011 እስከ 2015 ድረስ አንድም ወረቀት አልነበረም። “ያኔ ምናልባት አልነዳት ይሆናል” አለ ወዳጄ። ጠበቃ ሆኗል ማለት ነው።

“እንግዲያው አስመርምራታ” አልኩት።

አሜሪካኖች መኪና ሳይገዙ በፊት፣ ያንን ዓይነት መኪና ብቻ የሚሠራ ጋራዥ ወስደው ያስመረምራሉ፤ በአጭሩ “ፒፒአይ” ይሉታል። ለእንዲህ ዓይነቷ ፖርሽ ከ300 እስከ 500 ዶላር ያስከፍላል፤ ከፋዩ ገዢው ነው። ዋጋውን ስነግረው የወዳጄ ፊት ተለወጠ። ሃያ ምናምን ሺህ ዶላር ሊያወጣ ቆርጦ የተነሳ ሰው አራት መቶዋ ላይ ተንገዳገደ። “በአራት መቶ እኮ ጎማ እገዛበታለሁ” አለ። ነገሩ የገንዘብ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ተቁነጥንጦ ተቁነጥንጦ፣ “እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው? ሰውየው ቡና አጠጣኝ እኮ!” አለኝ።

ይሉኝታ ውቅያኖስ ይሻገራል። በእኛ ዘንድ ቡናውን ለጠጡለት ሰው “ዕቃህን ላስመርምር” ማለት “ሌባ ነህ” ከማለት አይተናነስም። ደግነቱ ለክፉ ቀን የሚሆን ምሳሌ ከዚያው ከእኛው ቤት አይጠፋም። ልጅ ሲዳር እኮ የወደፊት አማት የቱንም ያህል ጠላና ድፎ ዳቦ ቢያቀርቡ ሽማግሌ ሰባት ቤት ከመቁጠር አይመለስም፤ አማትም አይቀየሙም። መኪናም ዘር ማንዘሩ የሚቆጠርበት አለው፤ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው፣ መስተዋቱ ሥር የተጻፈ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ “እሱንማ በካርፋክስ አስቆጥሬያለሁ፤ ንጹሕ ነው” አለኝ። የመኪና ታሪክ የሚመዘግበው ካርፋክስ የሚያውቀው ግን የተነገረውን ብቻ ነው። ኢንሹራንስ ሳይሰማ፣ ፖሊስ ሳይመጣ፣ በጥሬ ገንዘብ ባቲላሜራ ቤት የተቃና ፓራፋንጎ ካርፋክስ ዘንድ አይደርስም። ከሰፈራችን ወሬኛ በዚህ ያንሳል።

ፎልስ ቸርች ከተማ ቡና ላይ ጉዳዩ ሲነሳ የተሰጠውን ምክር ሁሉ ብጽፈው መጽሔቱ አይበቃም። አንዱ “ችግር ካለው በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ትችላለህ፤ ሕግ ነው” አለ። ይህ በኛ ሰው መካከል ከዓመት ዓመት የሚዞር ወሬ ነው። ሦስት ቀን የሚሰጠው የፌዴራል ደንብ ሻጭ ቤትህ ድረስ መጥቶ ለሚሸጥልህ ዓይነት ዕቃ የወጣ ነው እንጂ መኪና ሻጭ ቅጥር ግቢ ሄደህ ለፈረምክለት አይደለም፤ ለግለሰብ ሻጭማ ጭራሽ አያገባውም። እንዲያውም ያው የፌዴራል መንግሥት ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ መኪናው ላይ እንዲለጥፍ የሚያስገድደው ወረቀት አለ፤ ዋስትና ይኑረው ወይም “ባለበት ሁኔታ” ይሸጥ የሚገልጽ። እዚያው ወረቀት ላይ መኪናውን በራስህ መካኒክ ለማስመርመር ጠይቅ የሚል ምክር ታትሟል። የጥርስ ሐኪሙ ነጋዴ ስላልሆነ ያ ወረቀት አይመለከተውም። ለወዳጄ የተለጠፈለት ቡናው ብቻ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ የሻጭና የገዢ ነገር ኖቤል አሸልሟል። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉን ከዚያ በፊት ሦስት የሙያ መጽሔቶች መልሰውበታል። ያለው ነገር ይህ ነው፤ ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢ ስለማያውቅ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ይናደድና አልሸጥም ብሎ ይገባል። ገበያው ላይ የሚቀረው የጉደኛው ብቻ ይሆናል። በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ተሸለመበት። መርካቶ ሱማሌ ተራ አካባቢ ይህን ንድፈ ሐሳብ ጠዋት ጠዋት ጫማ እያስጠረጉ የሚተነትኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስቶክሆልም ግን አድራሻቸው የለም።

ወዳጄ ሌላ መላ መጣለት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉን፤ የዋሽንግተን ሐበሻ ታክሲ ግማሹ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። ለእሳቸው የቡና ሃምሳ ዶላር ሰጥቶ ሪችመንድ ይዟቸው ሊሄድ ፈለገ። ሄድን።

“ጋሼ፣ አንዲት መኪና እንዲያዩልኝ ነበር።”

“ምን ዓይነት ናት ልጄ?”

“ፖርሽ ናት።”

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀና አሉ። “እሷን አላውቃትም” አሉት።

በሕይወቴ መካኒክ “አላውቅም” ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወዳጄ ለመናቸው። “ጋሼ፣ መኪና ያው መኪና ነው፤ ሞተሯን ሰማ ቢያደርጉልኝ…” አላቸው። እሳቸው ግን “ሞተሩ ከኋላ የሆነ የማውቀው ፊያት ሴይቼንቶንና ቮልስን ነው። ቮልስ ደግሞ ንጉሡን የጫኑበት ነው ትዝ የሚለኝ” አሉና ሳቁ። እውነት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። የዚያችን መኪና ንድፍ የሠራው ደግሞ ፈርዲናንድ ፖርሽ ራሱ ነው። ስለዚህ የፖርሽ እጅ ያረፈበት፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና ለታሪካችን እንግዳ አይደለም። ጋሼ ሲሸኙን “ሰባ ዓመት ሙሉ ሞተር ሰምቼ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ሻጭ ሳትደርስ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀህ ተመለስ። ደግሞ የሚያውቃት ሰው ዘንድ ውሰዳት፤ ዋጋውን አትከራከር” አሉት።

ከሚያውቋት ሰዎች ዘንድ ግን ሌላ ጉድ ሰማን። በዚህች ትውልድ ሞተር ሆድ ውስጥ አንዲት ኩሽኔታ አለች። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን መካከለኛ ዘንግ ከአንድ ጫፉ ይዛ የምታሽከረክር ናት። የታሸገች ናት፤ ማሸጊያዋ ሲያረጅ ግራሶው ይታጠባል፤ ግራሶው ሲያልቅ ትፈጫለች፤ እሷ ስትፈጭ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሞተር የሚባል ነገር የለም። በአሜሪካ በዚህ ጉዳይ ባለቤቶች ተሰባስበው የመሠረቱት ክስ ነበር፤ በ2013 በስምምነት ተዘግቷል፤ የሚመለከተውም ከ2001 እስከ 2005 ያሉትን ሞዴሎች ነው። የወዳጄ ምርጫ 2003። አብዛኞቹ መኪኖች ሳይሰበርባቸው አርጅተዋል፤ ኩሽኔታዋም በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ትገዛለች። ስትሰበር ይዛው የምትሄደው ሞተር ግን የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል። እኛ እንግዲህ በልጅነታችን ከጋራዥ ኩሽኔታ ለምነን፣ ጣውላ ላይ ገጥመን፣ ቁልቁለቱን የወረድን ልጆች ነን። በኩሽኔታ ጥርስ ሲሰበር አይተናል። ሞተር ሲሰበር መስማታችን ነው።

ወዳጄ ይህን ከሰማ በኋላ ሌሊቱን አልተኛም፤ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ደወለ። ላቡ ሲንጠባጠብ አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። ስለ አየሩ ጠየቀ፤ ስለ ልጅ ልጆቹ ጠየቀ፤ በመጨረሻ ተንተባትቦ “ባስመረምራት ቅር ይልሃል?” አለው። ሐኪሙ ምንም አልመሰለውም። “ሳትጠይቀኝ ቆይተህ ገርሞኝ ነበር” አለው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነገር ግን ማንም ሻጭ ሳይለው አይቀርም፤ “ፈጠን በል እንጂ፣ ቅዳሜ ሌላ ገዢ ይመጣል።”

ይህን ሌላ ገዢ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ስከራይ ነበረ። የገና ዋዜማ በግ ተራ ላይ የያዝኩትን ሙክት ሊወስድብኝ ነበረ። አንዳንዴ ከክፍለ ሀገር ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ዲያስፖራ ነው፤ ገንዘቡ ሁሌም ጥሬ ነው፤ ሁሌም መንገድ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ሲደርስ ያየሁት ግን የለም። የገረመኝ ሪችመንድ ድረስ ዘመድ ያለው መሆኑ ነው።

ምርመራው ከቅዳሜ በፊት ተያዘ። ጋራዡን ያገኘነው በፖርሽ ባለቤቶች ጥቆማ እንጂ በሻጩ አልነበረም፤ መኪናዋን ሲጠግን የኖረ ጋራዥ ስለ እጁ ሥራ ክፉ አይናገርም። መርማሪዋ ዝምተኛ ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥታን፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሞተሩ አልነበረም። ተንበርክካ ጎማ ማንበብ ጀመረች። ጎማ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ ያልተነካ፣ የሚያብረቀርቅ ጎማ ነበር። ቁጥሩ 1812 ይላል። ማለትም በ2012 በ18ኛው ሳምንት የተሠራ። ወዳጄ “ጥርሱ ግን ጥሩ ነው” ሲል ቀና ብላ አየችው፤ መልስ አልሰጠችም። ሻጩ የጥርስ ሐኪም መሆኑ ትዝ ብሎኝ ሳቄን ዋጥኩ።

ቀጥላ ትንሽ መሣሪያ አውጥታ ቆርቆሮውን ቦታ በቦታ እየነካች ዞረች። የቀለም ውፍረት ይለካል። አገር ቤት ደላላን ያሳፍር የነበረው ማግኔት ልጅ መሆኑ ነው፤ ስቱኮ ያለበት ላይ ማግኔት አይዝም፣ ይህ ደግሞ በማይክሮን ይናገራል። ከየቦታው መቶ ምናምን እያነበበ መጥቶ ግራ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ሲደርስ አራት መቶን አለፈ። ካርፋክስ ያልሰማው ነገር ነው። ወዳጄ ወደ እኔ ዞሮ “ትንሽ ጭረት ትሆናለች” አለ። የመኪናዋ ባለቤት ሐኪሙ መሆኑን የረሳ ይመስል ለእሷ የሚሟገተው እሱ ነው።

ከፊት መከላከያው ሥር ራዲያተሮቹ ላይ እፍኝ ሙሉ የደረቀ ቅጠል አወጣች። በዚህች መኪና የተለመደ ነው፤ የበልግ ቅጠል ይገባና እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላል። በሞተሩና በካምቢዮው መገናኛ ላይ የዘይት ወዝ አገኘች፤ መፍሰስ አትለውም፣ መድረቅም አትለውም። ፍሪሲዮኑ ወደ ማለቁ ነው። ይህ ሁሉ ይጻፋል። ከዚያ ኮምፒውተሯን አገናኝታ ብዙ ዝም አለች።

ለካ መኪናዋ ንስሐ ሳያስፈልጋት ኃጢአቷን ሁሉ ጽፋ ታስቀምጣለች! ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ ሲሽከረከር ሁነቱንና የሞተሩን ሰዓት ትመዘግባለች። ነዳጅ በመርገጥ ከገደቡ ማለፍ አይቻልም፤ ኮምፒውተሩ ይቆርጠዋል። ከዚያ በላይ ማለፍ የሚቻለው ወደ አምስተኛ ማርሽ ማለት ሲገባህ ሦስተኛ ውስጥ ስትከታት ነው። አንድ ጊዜ፣ ለአፍታ፣ እንዲህ ሆኖ ነበር። መርማሪዋ ሰዓቱን ቆጥራ “በጣም ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተነድታለች፤ አያሳስበኝም” አለች። ወዳጄ ለሐኪሙ ደውሎ ሲጠይቀው ሰውየው ትንሽ ዝም አለና “ልጄን ማንዋል ያስተማርኩባት እሷ ናት” አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔም ሰውየውን ወደድኩት።

ወዳጄ ሌሊቱን ሙሉ የያዘውን ጥያቄ አወጣ። “ኩሽኔታዋስ?”

“አላያትም” አለችው። “ለማየት ካምቢዮ መውረድ፣ ፍሪሲዮን መፈታት አለበት። ያ ምርመራ አይባልም፤ ጥገና ነው።” የዘይት ማጣሪያውን አውጥታ በመቁረጫ ሰነጠቀችው፤ ወረቀቱን እንደ ክራር አውታር ዘርግታ በባትሪ አበራችበት። የብረት ብናኝ አልነበረም። “ዛሬ የለም” አለች።

“ነገስ?”

“ለነገ አላስከፈልኩህም።”

አራት ገጽ ሪፖርት ሰጠችው። ወዳጄ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አነበበው። የሚፈልገው ቃል አልነበረበትም። “ግዛ” አይልም፤ “አትግዛ”ም አይልም። ጎማ ይህን ያህል፣ ፍሪሲዮን ይህን ያህል፣ ካምቢዮው በወረደበት አጋጣሚ ኩሽኔታዋና የዘይት ማሸጊያው አብረው ቢቀየሩ ይህን ያህል፣ ይላል። “አራት መቶ ዶላር ከፍዬ እንደ ፈቀድህ ተባልኩ” ብሎ ተማረረ። እኔ ግን በዚህ ነገር ከመርማሪዋ ጎን ነኝ። “አትግዛ” ብትለው ዕድሜ ልኩን ይረግማት ነበር፤ “ግዛ” ብትለውም እንዲሁ።

እንዲያውም ከሪፖርቱ ይልቅ የጠቀመው አብሮ መቆሙ ይመስለኛል። ጠዋት ወደ ሪችመንድ ስንወርድ ዓይኑ ላይ ፍቅር ነበር። ከሰዓት ስንመለስ ያቺው መኪና ናት፤ ነገር ግን 11 ዓመት ያለፈው ጎማ ያላት፣ አንድ ጊዜ የተቀባች፣ ቅጠል የዋጠች፣ የሰው ልጅ ማንዋል የተማረባት መኪና ናት። እንደዚህ አውቋትም ፈለጋት።

ሐኪሙ 24,500 ነበር ያላት። ወዳጄ ሪፖርቱን ልኮለት ዝም አለ፤ ዝም ማለቱ እኔ ያስጠናሁት ነው። ቅዳሜ አለፈ። ሌላው ገዢ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ቀረ። ሰኞ ሐኪሙ ራሱ ደውሎ 21,000 አለ። ተጨባበጡ። ካምቢዮዋ ወርዶ፣ ፍሪሲዮኗም ኩሽኔታዋም ተቀየሩ፤ ጎማዎቿም አዳዲስ ሆኑ። አሁን ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ትመላለሳለች። አንድ ቀን የሚሸጣት ከሆነ ደላላው የሚለውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

ወዳጄ በየደረሰበት “አራት መቶ ከፍዬ ሦስት ሺህ አምስት መቶ አተረፍኩ” ይላል። ባለቤቱ ሒሳቡን በሌላ መንገድ ነው የምትሠራው። መኪናዋ 21,000፣ ምርመራው 400፣ የፍሪሲዮኑና የጎማው ደግሞ ለብቻው፤ ከእቁቡ የቀረ ነገር የለም ትላለች። ሁለቱንም ሒሳብ ወረቀት ይዤ ሠርቼዋለሁ። የእሷ ነው ትክክል።